ከውድድሩ ማግስት፦ በድሬዳዋ ለአንዲት ትንሽ ጌም አምስት ውድድር አዘጋጅተን ያየነው

በ2011 ዓ.ም. የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አዘውትሬ እጫወተው የነበረ አንድ የውጭ አገር የስልክ ጌም ለተጫዋቾቹ የሥዕል ውድድር አወጣ። ከጌሙ ገጸ ባሕርያት አንዱን መርጠን በየአገራችን ወግ እንድናለብሰው ተጠየቅን። እኔም በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚሰቀሉትን የስፌት ሥራዎች ቀለምና ቅርጽ በአንድ ካባ ላይ አሳርፌ፣ የዶርም ጓደኞቼ መብራት አጥፋልን እያሉኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣልኩ። አላሸነፍኩም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከተነገረ ከጥቂት ቀናት በኋላ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ዳኞቹ ሥራዬን እንዳዩት፣ በተለይም ቀለሞቹ ከመሀል ወደ ዳር እየዞሩ የሚሄዱበት መንገድ ደስ እንዳሰኛቸው፣ ከሌሎች የተመረጡ ሥራዎች ጋር ለአንድ ሳምንት በጌሙ መግቢያ ላይ ከነስሜ እንደሚታይ ይገልጻል። ያንን ገጽ ለእናቴ ሳይቀር አሳየኋት። ከዚያም በኋላ ጌሙን ሦስት ዓመት ሳልተወው ተጫወትኩ፤ አሥር የሚሆኑ የዶርምና የክፍል ጓደኞቼም በእኔ ምክንያት ስልካቸው ላይ ጫኑት።

ኩባንያው ለእኔ ያወጣው ወጪ አንድ ሰው አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ያጠፋው ጊዜ ብቻ እንደነበር የገባኝ፣ ቆይቶ እኔ ራሴ ጌም ሠሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ከሁለት የትምህርት ባልደረቦቼ ጋር የምንሠራት ጌም ትንሽ ናት፤ ተጫዋቹ ባጃጅ እየነዳ ከሳቢያን ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ከዚራ ይሄዳል፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ይገባል፣ ተሳፋሪው ሳይማረርና ዕቃው ሳይወድቅ ካደረሰ ሒሳቡን ይቀበላል። ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ኖሮን ስለማያውቅ ተጫዋች የምናገኘውም ሆነ የምናቆየው በውድድር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ አምስት ውድድር አዘጋጅተናል፤ ሁለቱ ጎድተውናል፣ ሦስቱ ጠቅመውናል። በድሬዳዋ፣ በሐረርና በጅግጅጋ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች፣ እንዲሁም ፕሌይስቴሽን ቤት ያላቸው ሰዎች እንዴት እንደምናደርገው ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ በእኛ የደረሰውን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ካለፉበት ጋር እያስተያየሁ እጽፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ውድድራችን ባጃጅ ማስጌጥ ነበር። የድሬ ባጃጅ ሾፌር ተሽከርካሪውን እንደ ሙሽራ እንደሚያስጌጥ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃልና፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ጌጥ ሥለው እንዲልኩ ጠየቅን። ሽልማቱን ትልቅ ካላደረግነው ማንም አይመጣም ብለን ስላሰብን ሦስታችን ገንዘብ አዋጥተን አንድ አዲስ ስልክ ገዛን፤ አሸናፊውም በቴሌግራም ግሩፓችን ብዙ ላይክ ያገኘው እንዲሆን ወሰንን። በአሥር ቀን ውስጥ ግሩፑ ከመቶ በታች ከነበረው አባል ወደ ብዙ መቶዎች ሲያድግ ስኬት መሰለን። ዳሩ ግን ስልኩን የወሰደው ሰው ጌማችንን ተጫውቶ አያውቅም፤ ዘመዱ ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ስለነበረው ድምፅ ሰበሰበለት፣ የላከው ሥዕልም ከኢንተርኔት የተወሰደ መሆኑን ዘግይተን ደረስንበት። ሽልማቱ በተሰጠ ሳምንት አዲሶቹ አባላት እንደ መጡ ሄዱ።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውድድሩ ባለቀ በአራተኛው ቀን ከገንደ ቆሬ የሆነ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በወንድሙ ስልክ፣ «ጋሼ፣ ሥራዬን አያችሁት?» ብሎ ጻፈልኝ። አላየነውም ነበር። ላይኩ ሦስት ብቻ ስለነበር ወደ ታች ወርዶ ጠፍቷል። ፈልጌ ሳወጣው በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስና በቢክ የተሣለ ባጃጅ አገኘሁ፤ የጣሪያው ሸራ፣ በመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ፣ ከኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ አንድም ሳይቀር በትክክል ሰፍሯል። እኔ ከዓመታት በፊት ያገኘሁትን ያንን አንድ አንቀጽ ይህ ልጅ ከእኛ አላገኘም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነበር ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት በቁም ነገር ማንበብ የጀመርኩት። የጃፓኑ ካፕኮም ሜጋ ማን በተባለው ጌሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣው ሁለተኛው ክፍል ጀምሮ፣ ተጫዋቾች የሚፋለሟቸውን አለቃ ሮቦቶች ንድፍ ከልጆች በደብዳቤ ይቀበል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ይመጣሉ፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ተመርጠው በባለሙያ እጅ ተስተካክለው ጌሙ ውስጥ ይገባሉ። ዛሬ ስመ ጥር የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሠዓሊ የሆነው ዩሱኬ ሙራታ ገና ታዳጊ ሳለ የላካቸው ሁለት ሮቦቶች፣ አንዱ በአራተኛው ሌላው በአምስተኛው ክፍል፣ ተመርጠው ገብተውለታል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ሽልማቱ ራሱ ጌሙ መሆኑን ነው። ስልክ የትም ሱቅ ይገዛል፤ የሠራሁት ሮቦት በምወደው ጌም ውስጥ ሲንቀሳቀስ ማየት ግን ከዚያ ኩባንያ በስተቀር ማንም ሊሰጠኝ አይችልም። ለስልኩ ሲል የሚመጣ ሰው ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ ጌሙን የሚወድ ካልሆነ በስተቀር ደግሞ ጌሙ ውስጥ ለመግባት ብሎ ሦስት ሳምንት የሚደክም የለም። ሽልማቱ ገና ከመነሻው ማን እንደሚመጣ ይወስናል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ውድድር በዚያው በባጃጅ ጌጥ ላይ አደረግነውና የቀረውን ሁሉ ለወጥነው። ሽልማቱ አሸናፊው ባጃጅ ከኋላው የሠሪው ስም ተጽፎበት በጌሙ ውስጥ መግባቱ፣ በተጨማሪም ሥዕሉ የታተመበት አንድ ቲሸርት ሆነ። በላይክ መዳኘትን ተውነውና ሦስት ዳኞች ለመንን። አንዷ የሥዕል መምህርት ናቸው፤ ሁለተኛው ባልደረባዬ ነው፤ ሦስተኛው በከተማችን ከአሥር ዓመት በላይ ባጃጅ ያሽከረከሩ ጋሼ ናቸው። በእኚህ ሾፌር መመረጥ አንዳንዶች ተገርመው ነበር፤ ነገር ግን የተሻለ ዳኛ አላገኘሁም። የገንደ ቆሬው ልጅ አዲስ ሥራ ልኮ ነበርና እርሱን ሲያዩ፣ «ይህ ልጅ ባጃጅ ያውቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራው በየት በኩል እንደሚታሰር አይቶታል» አሉ። ይህንኑ ቃላቸውን ሳንለውጥ ለልጁ ላክንለት። እርሱ ሁለተኛ ወጣ፤ ሆኖም ያንን መልእክት ለመምህሩም ለሰፈሩም እንዳሳየ ወንድሙ ነግሮኛል።

አርባ ስድስት ሥራዎች መጥተው ነበር። ሦስታችን ተከፋፍለን ለእያንዳንዱ ላኪ መልስ ጻፍን፤ «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት መልእክት ሳይሆን፣ ሥዕሉን ያየ ሰው ብቻ ሊጽፈው የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር። ለአንዱ መልስ አሥር ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ በጠቅላላው አንድ የሥራ ቀን የማይሞላ ድካም ነው፤ ለስልኩ ካዋጣነው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ምንም ማለት ይቻላል። ከሦስት ወር በኋላ ስንመለከት ከአርባ ስድስቱ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑት ገና እየተጫወቱ ነበር። ከእኔ ምክር አንዱን ብቻ መውሰድ የሚሻ ሰው ቢኖር ይህንን ይውሰድ፤ ለመዝጊያው ዕለት ከምታወጡት ጉልበት እጥፉን ከመዝጊያው በኋላ ላለው ሳምንት አስቀምጡ።

ሦስተኛው ውድድር ካደረግናቸው ሁሉ እጅግ የምወደው ነው። በጌሙ ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች እስከዚያ ድረስ አይናገሩም ነበር። እኛ ራሳችን ተቀምጠን ንግግር ስንጽፍላቸው ከመጽሐፍ የወጣ ይመስላል፤ የድሬ ሰው እንዲያ አያወራም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛውን ጀምሮ በኦሮምኛ አልፎ በሶማልኛ የሚጨርስ ሕዝብ ነው፤ «አቦ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ቁጣም፣ ልመናም፣ ሰላምታም ትሆናለች። ስለዚህ ተጫዋቾች በባጃጅ ውስጥ የሰሙትን ወይም ራሳቸው የሚሉትን በድምፅ ቀድተው እንዲልኩ ጠየቅን፤ ርዝመቱም ከአሥር ሰከንድ እንዳይበልጥ ወሰንን።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ለጥቂት አመለጠን። ማስታወቂያውን በአማርኛ ብቻ ጽፈን ልናወጣ ስንል፣ የሁለተኛው ባልደረባዬ እህት፣ «የሶማልኛ ድምፅ ትፈልጋላችሁ፤ ጥሪው ግን የሶማልኛ ተናጋሪውን አይጠራም» አለችን። እውነቷን ነበር። ጥሪውን በሦስቱም ቋንቋዎች በድምፅ ቀድተን አወጣነው፤ ማንበብ የማይወዱ ወይም የማይችሉ ሰዎችም በዚያው መንገድ ሰሙት። የድምፅ መልእክት ዳታ ብዙ አይበላም፤ ሥዕል አንሥቶ ወይም ቪዲዮ ሠርቶ መላክ የማይችል ሰው ሁሉ ሊሳተፍበት ቻለ። ከቀድሞዎቹ ውድድሮች ሁሉ የበለጠ ሰው የመጣው በዚህ ነው፤ ከላኪዎቹም መካከል ጌም ተጫውተው የማያውቁ እናቶችና የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ።

ከእነርሱ አንዷ በቀፊራ ገበያ አካባቢ ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው። የልጃቸውን ስልክ ተውሰው፣ ዕቃ ተሸክመው ባጃጅ የሚያስቆሙ ሰው ሆነው፣ «አቦ ቀስ በል ልጄ፣ እንቁላል ይዣለሁ!» ብለው ላኩልን። ጌሙ ውስጥ ይህ ድምፅ ሲሰማ ተጫዋቹ ፍጥነቱን ካልቀነሰ እንቁላሉ ይሰበራል፤ ሒሳቡም ይቀነሳል። ድምፃቸው በአዲሱ አፕዴት በወጣ ማግስት ሄጄ ሳያቸው፣ ሻይ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የእርሳቸውን ድምፅ እየፈለገ ነበር። «እኔን እናንተ ጌም ውስጥ ካስገባችሁኝ፣ ጌሙ የእኔ ነው» አሉኝ። የጌም ኩባንያዎች የደጋፊ ታማኝነት ብለው የሚጠሩትን ነገር ከዚህ በላይ አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም። ሰው የራሱ ለሆነ ነገር ጠበቃ ይቆማል፤ ጌሙ ሲበላሽ አይስቅበትም፣ ይደውልልናል።

ይህ ስሜት በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን ኤሪየሊ ያሳተሙት ጥናት ሰዎች በገዛ እጃቸው ለገጣጠሙት ሣጥንና ላጠፉት የወረቀት ቅርጽ ከሚገባው በላይ ዋጋ እንደሚሰጡ አሳይቷል፤ በለማጅ እጅ የተሠራውን የራሳቸውን ቅርጽ በባለሙያ ከተሠራው ጋር የሚቀራረብ ዋጋ እስከ መስጠት ደርሰዋል። ለእኛ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲቀር ወይም ከተሠራ በኋላ ሲፈርስ ያ ፍቅር አይገኝም። ይህንን ባነበብኩ ጊዜ እንደ ተራ ነገር አልፌው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ በአራተኛው ውድድር ነው።

አራተኛው ውድድር መንገድ መንደፍ ነበር። ተጫዋቾች የሚያውቁትን የከተማውን ክፍል በወረቀት ላይ ሥለው፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ፍየል በየት እንደምታቋርጥ፣ የትኛው ጠርዝ ላይ ተሳፋሪ እንደሚበዛ አመልክተው እንዲልኩ ጠየቅን። አሸናፊው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ በጌሙ እንደሚገባ ቃል ገባን። የመጡት ሥራዎች በጣም ድንቅ ነበሩ፤ የገንደ ቆሬው ልጅም በዚህኛው አንደኛ ወጣ። ነገር ግን መንገዱን በፕሮግራም የሚሠራው ባልደረባችን በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኔና የቀረው ጓደኛዬ ልንሠራው ብንሞክር አቃተን። አንድ ወሩ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ጥፋታችን መዘግየቱ ብቻ አልነበረም፤ አፍረን ዝም ማለታችን ነው። ልጁ በመጀመሪያ በየሳምንቱ ይጠይቅ ነበር፤ ኋላ በየወሩ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወ። መንገዱ በአምስተኛው ወር ሲወጣ ስሙን ከነሰፈሩ ጽፈን ላክንለት፤ መልእክቱ ተነብቧል፣ መልስ ግን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ጌሙን ከፍቶ አያውቅም። ከመሸለሙ በፊት ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ከእኛ ጋር የቆየ ልጅ፣ አሸንፎ ተለየን።

በዚህ ረገድ የአሜሪካው የጌም ኩባንያ የአታሪ ታሪክ ለማንኛውም ውድድር አዘጋጅ መነገር ያለበት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1982 ሶርድክዌስት በሚል ስም አራት ተከታታይ ጌሞችን ሊያወጣ ጀመረ። በጌሙና አብሮት በሚሸጠው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ፍንጭ ተደብቋል፤ ፍንጩን ፈትቶ የላከ ወደ ፍጻሜ ውድድር ይጠራል፤ የእያንዳንዱ ጌም አሸናፊ 25,000 ዶላር የሚገመት ከወርቅና ከከበረ ድንጋይ የተሠራ ሽልማት ይወስዳል፤ በመጨረሻም የአራቱ አሸናፊዎች 50,000 ዶላር ለሚገመት ሰይፍ ይፋለማሉ። የተሰጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽልማቶች ብቻ ናቸው። ኩባንያው በጌም ገበያው ውድቀት ተመትቶ በ1984 ተከፋፍሎ ሲሸጥ ውድድሩ ተቋረጠ፤ አራተኛው ጌምም በዚያን ጊዜ ሳይወጣ ቀረ። ከአርባ ዓመት በኋላ ዛሬም ሰዎች ያ ሰይፍ የት ደረሰ እያሉ ይከራከራሉ። ሁለቱ ሰዎች የተሸለሙትን ግን የሚያነሣ እምብዛም የለም። የተፈጸመው ተረስቶ ያልተፈጸመው ቃል ነው የኩባንያው መታወሻ የሆነው።

በተቃራኒው ኤፒክ ጌምስ ቃሉን አክብሮ የተጠቀመበት ምሳሌ አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ተጫዋቾች በእርሱ ጌም ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን ጌም እንዲሠሩ የሚጋብዝና በጠቅላላው 1 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሽልማት ያለው ውድድር ጀመረ፤ ከሽልማቶቹም ትልቁ የኩባንያውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ለንግድ የመጠቀም ፈቃድ ነበር። ሬድ ኦርኬስትራ በተባለው ሥራ ያሸነፉት ወጣቶች በዚያ ፈቃድ ትሪፕዋየር ኢንተራክቲቭ የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2006ም ሥራቸውን ለገበያ አቀረቡ። የትናንት ደጋፊዎች የዛሬ ባልደረቦችና የሶፍትዌሩ ደንበኞች ሆኑ ማለት ነው። በመንደር ደረጃ እኛም ይህንን ልናደርግ እንችላለን፤ ሁለተኛውን ውድድር ያሸነፈችው ወጣት አሁን የጌማችንን ሥዕሎች በክፍያ ትሠራልናለች።

ስለ ገንዘብ ግልጽ ልሁን። ሰዎች በነጻ ሠርተው የሚሰጡንን ነገር ሸጠን ትርፉን ለብቻችን የምንይዝ ከሆነ፣ ታማኝነት የምንለው ነገር ብዝበዛ ይሆናል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ቲም ፎርትረስ 2 በተባለው ጌሙ ውስጥ ተጫዋቾች የሠሯቸውን ኮፍያዎችና መሣሪያዎች መሸጥ ሲጀምር፣ ለሠሪዎቹ ከሽያጩ 25 በመቶ ይከፍል ነበር። እኛም በአምስተኛው ውድድር ያንኑ ልክ ተከተልን፤ ተጫዋች አንድን የባጃጅ ጌጥ በጥቂት ብር ሲገዛ ሩቡ ለሣለው ሰው ነው፤ በየወሩ መጨረሻ በቴሌብር ይላክለታል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ አንዳንድ ወር የአንድ ሰው ድርሻ ከሻይና ከሳምቡሳ አያልፍም። ቢሆንም በቀኑ ሲደርሰው ሠሪው ራሱ ጌጡን ለወዳጆቹ ያስተዋውቃል።

የሥራው ባለቤትነትም ከመጀመሪያው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕልም ሆነ የሌላ ሥራ መብት የሚጠበቀው ለሠሪው ነው፤ ውድድር ላይ ቀረበ ማለት ለአዘጋጁ ተሰጠ ማለት አይደለም። እኛ በጥሪው ላይ በግልጽ የምንጽፈው ያሸነፈውን ሥራ በጌሙ ውስጥና በጌሙ ማስታወቂያ ብቻ የመጠቀም ፈቃድ እንደምንጠይቅ፣ ያላሸነፈው ግን ሙሉ በሙሉ የላኪው ሆኖ እንደሚቀር ነው። ላኪው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆነ ስሙን ከማውጣታችን በፊት ከአባቱ፣ ከእናቱ ወይም ከአሳዳጊው ጋር እንነጋገራለን፤ በስልክ ሳይሆን ቢቻል ቤት ድረስ ሄደን። አንዳንድ ወላጅ ጌም የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ልጁ የሣለውን ሲያይ ግን ሐሳቡን የሚለውጥ ብዙ ነው። ብዙ ሰዓት የተጫወተ ይሸለማል የሚል ውድድር ግን አውጥተን አናውቅም፤ አናወጣምም። ልጅን ከትምህርቱ ከሚያርቅ ውድድር የሚገኝ ደጋፊ አያስፈልገንም።

የሕዝብ ድምፅን በተመለከተ ብዙዎች ስለሚሳሳቱ አንድ ነገር ልጨምር። ማይንክራፍት የተባለው ጌም ሠሪ የሆነው ሞጃንግ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቂት አዳዲስ ፍጥረታትን ለተጫዋቾች እያቀረበ በድምፅ ብልጫ አንዱን ብቻ ወደ ጌሙ ያስገባ ነበር። ሐሳቡ ተጫዋቹን የውሳኔ ተካፋይ ማድረግ ነው፤ ይሁንና ለተሸነፉት ፍጥረታት ድምፅ የሰጡት ሰዎች በየጊዜው የሚወዱት ነገር ሲጣልባቸው አዩ። በ2023 ድምፅ አሰጣጡ ይቅር የሚል አቤቱታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ራሱ አስቀረው። ድምፅ ማሰጠት ደጋፊዎችን ለሁለትና ለሦስት ይከፍላል፤ የተሸነፈው ወገን ደግሞ ብዙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛ ሕዝቡ እንዲመርጥ የምናደርገው ሁሉም ጌሙ ውስጥ መግባታቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ የትኛው ቀድሞ ይውጣ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ጊዜን ስለ መምረጥም በአጭሩ። በእኛ ከተማ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሱቁም ሰውም ጥላ ፈልጎ ያርፋል፤ ስልክ የሚነካውም በዚያን ጊዜ ነው። ጥሪያችንን ጠዋት ስናወጣ ማንም አላየውም ነበር፤ ወደ ሰባት ሰዓት ስናዞረው ግን ወዲያው ጥያቄ መጣ። በብሔራዊ ፈተና ሰሞንና በረመዳን የመጨረሻ ሳምንት ውድድር አንዘጋም። ሥራውን በኢንተርኔት መላክ ላልቻለ ደግሞ ከዚራ ባለ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱን እንዲያስቀምጥ አድርገናል፤ ከሚመጡት ሥራዎች ብዙዎቹ፣ አንዳንዴም ምርጦቹ፣ በዚያ በኩል የሚገቡ ናቸው።

አሁን ስድስተኛውን እያሰናዳን ነው፤ ተጫዋቾች በጌሙ ውስጥ የሚታዩትን የሱቅ በሮችና የግድግዳ ቀለሞች የሚነድፉበት ይሆናል። ከአራተኛው ውድድር ወዲህ የሥራ ቅደም ተከተላችንን ገልብጠነዋል። በመጀመሪያ የአሸናፊው ሥራ የሚገባበትን ቦታ በጌሙ ውስጥ እንሠራለን፤ አንድ ነጭ ግድግዳና አንድ ባዶ በር፣ የሠሪው ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ከላይ ተሰቅሎ። ትናንት ማታ ጓደኛዬ የራሱን የልጅነት ሥዕል ፎቶ አንሥቶ በሩ ላይ ለሙከራ ለጠፈውና ባጃጇን በፊቱ አሳለፋት። ሠራ። ጥሪውን በሦስቱ ቋንቋዎች የምንቀዳው በመጪው ቅዳሜ ነው፤ ለገንደ ቆሬው ልጅ ግን አስቀድሜ ዛሬ ጽፌለታለሁ።